የሬቲና ኦፕሬሽን ከጅማ ተነስቶ፦ ከመጀመሪያዋ ብልጭታ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ

እናቴ ነገሩን ያወቀችው ቡና ስትለቅም ነው። በረንዳ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገለባ ገባና አሸችው። በዚያች ቅጽበት «ይሄ ሰፌድ ተቆርጧል እንዴ?» አለችኝ። ሰፌዱ ሙሉ ነበር። በግራ ዓይኗ የምታየው ግን ግማሹን ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት «ዝንብ ይዞረኛል» ትል ነበር። ማታ ማታ ደግሞ የዓይኗ ጥግ ላይ ብልጭ የሚል ነገር አለ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ታሽቶ ቀረበ። አላመማትም። ዓይኗም አልቀላም። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም፣ እኔም ጭምር። ይህን መመሪያ ያስጻፈኝ የዚያ ሁለት ሳምንት ቁጭት ነው።

ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። የምነግራችሁ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለውን ነው። የሐኪማችሁ ቃል ከእኔ ቃል ጋር ከተጋጨ የሐኪሙን ያዙ።

ዓይን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የዓይናችን የኋላ ግድግዳ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሬቲና ይባላል። ብርሃን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። መሀሉ ላይ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው በእሷ ነው። የዓይናችን ሆድ ደግሞ ቪትሪየስ በሚባል እንደ ጄል ባለ ነገር የተሞላ ነው። መጠኑ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ውሃ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ጄሉ ይቀጥናል፣ ከሬቲናውም ይላቀቃል። ብዙ ሰው ላይ በሰላም ይላቀቃል። አንዳንዱ ላይ ግን ሲላቀቅ ሬቲናውን ጎትቶ ይቀደዋል። በቀዳዳው ፈሳሽ ይሰርግና ሬቲናውን ከግድግዳው ያነሳዋል። ዝናብ የገባበት የጭቃ ቤት ምርጊቱ እየተነሳ ሲወድቅ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ሬቲና ሕመም የሚሰማው አካል አይደለም። ስለዚህ ሲነሳ አያምም። ሰዉን የሚያዘናጋውም ይሄው ነው።

በስኳር በሽታ የሚመጣው መንገዱ ሌላ ነው። ስኳር የሬቲናን ደም ሥሮች ይጎዳል። ከዚያ ደካማ አዳዲስ ደም ሥሮች ይበቅላሉ። እነሱ ሲፈነዱ ጄሉ በደም ይሞላል፣ በሽተኛው በአንድ ሌሊት ጨለማ ወይም ቀይ ጭጋግ ያያል። ሲቆይ ደግሞ ጠባሳው ሬቲናውን ይጎትተዋል።

ቤት ውስጥ የምትሠሩት ምርመራ

ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ዓይን በመዳፍ ሸፍኑ፤ ሳትጫኑ። በሌላው ዓይን ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ነገር ላይ አተኩሩ፤ ካሌንደር ጥሩ ነው። ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ አራቱም የካሌንደሩ ጥጎች ይታያሉ? መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ተወላግደዋል? ከዚያ ሌላኛውን ዓይን እንዲሁ። ሁለቱ ዓይን አንድ ላይ ሲከፈት ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል። ስለዚህ አንድ በአንድ ካልሆነ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ከሚከተሉት አንዱ በድንገት ከመጣ በዚያው ቀን ተነሱ፦

- አዲስ ጥቁር ነጥብ፣ ዝንብ ወይም የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር፣ በተለይ በአንዴ ብዙ ሆኖ ከመጣ። ጥቀርሻ እንደ መርገፍ ያለ ከሆነ ደም ሊሆን ይችላል።
- ጨለማ ውስጥ ሳይቀር የሚታይ፣ ዓይን ጥግ ላይ ብልጭ የሚል ብርሃን።
- ከጎን፣ ከላይ ወይም ከታች እየመጣ የሚሸፍን ጥላ ወይም መጋረጃ።
- በድንገት የጠፋ ወይም የደበዘዘ እይታ።

ለዓመታት የኖረ አንድ ሁለት ነጥብ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። አዲስ መሆኑ ነው የሚያስፈራው። በተለይ የሚከተሉት ሰዎች «ነገ አያለሁ» አይበሉ፦ ሩቅ ለማየት ከፍተኛ የማይናስ መነጽር የሚያደርጉ፣ የዓይን ሞራ ኦፕሬሽን የተሠሩ፣ ዓይናቸውን በኳስ፣ በዱላ ወይም በፍልጥ የተመቱ፣ ከቤተሰባቸው ሬቲና የተላቀቀበት ሰው ያለ፣ ሌላኛው ዓይናቸው አስቀድሞ የተጎዳ። እናቴ የሞራ ኦፕሬሽን ተሠርታለች። ያን ጊዜ የሞራ ኦፕሬሽን ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ አላውቅም ነበር።

ዓይን ውስጥ ምንም አታድርጉ። ዳማከሴም፣ የጡት ወተትም፣ ጎረቤት የሰጠው ጠብታም። ማሸትም ክልክል ነው።

ጅማ ላይ የመጀመሪያው ቀን

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው፤ የዓይን ሐኪሞችም የሚሠለጥኑበት ነው። ቦሳም ኑሩ፣ ሒርማታ ወይም ጅሬን፣ ባጃጅ ይዛችሁ የምትደርሱበት ነው። በጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ያለውን የሪፈር ሰንሰለት ጠብቁ፤ ያለ ወረቀት ወጪው ላይሸፈን ይችላል። ጤና ጣቢያው ላይ ግን «ሌላ ቀን ተመለሱ» ከተባላችሁ በትሕትና ግን በጽኑ አስረዱ።

የምትናገሩት ነገር ወሳኝ ነው። «ዓይኗን ያማታል» ካላችሁ ከተራው ወረፋ ጋር ትሰለፋላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «ማክሰኞ ማታ ብልጭታ ጀመራት፣ ከትናንት ጀምሮ በግራ ዓይኗ ከጎን በኩል መጋረጃ አለ፣ መሀሉ ግን ገና ያያል።» ይህቺ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ይዛለች፤ መቼ፣ የትኛው ዓይን፣ ከየት በኩል፣ መሀሉ አለ ወይስ የለም። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። እናቴ ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው» ትላለች። የኛ እናቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ አብሯት የሚገባ ሰው ይኑር።

እዚያ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል። ለተወሰኑ ሰዓታት ቅርብ ነገር ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ይወጋል። በዚያ ቀን ማሽከርከር የለም። ኮፍያ ወይም ነጠላ ያዙ። ሐኪሙ በብርሃንና በሌንስ የሬቲናውን ዳር ዳር ያያል። ደም ከሸፈነው የዓይን አልትራሳውንድ ይታዘዛል። አልትራሳውንዱ የሚሠራው በተዘጋ ሽፋሽፍት ላይ ጄል ተቀብቶ ነው፤ አያምም።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሬቲናው ተቀዷል ወይስ ተላቅቋል? ማኩላው ተነስቷል ወይስ ገና ነው? የሬቲና ስፔሻሊስት እዚህ አለ ወይስ ሪፈር ነው? እስክንደርስ በየት ጎን ትተኛ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ጊዜያችሁን ይወስናሉ። ቀዳዳ ብቻ ከሆነና ሬቲናው ገና ካልተነሳ፣ ዙሪያውን በሌዘር ወይም በቅዝቃዜ መበየድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ያ ኦፕሬሽን ክፍል ሳይገባ ያልቃል። ሬቲናው ተነስቶ ማኩላው ገና ካልተነካ ግን ጉዳዩ በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ማኩላው ከመነሳቱ በፊት ከተደረሰ የማንበብ እይታ ሊተርፍ ይችላል። ማኩላው አስቀድሞ ከተነሳ ተስፋ አልተቆረጠም፣ ግን በቀናት ውስጥ መሠራት አለበት። ሳምንታት ሲያልፉ ጠባሳ ያበጃል፣ የሚመለሰውም እይታ ያንሳል።

የእናቴ ማኩላ ሊነካ ጫፍ ላይ ነበር።

ሪፈር ሲጻፍ

ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አዲስ አበባ አትግቡ። መጀመሪያ የላይዘን ክፍሉን፣ ሆስፒታል ከሆስፒታል የሚያገናኘውን፣ «እባካችሁ ደውሉልን» በሏቸው። ተቀባዩ ሆስፒታል የሬቲና ሐኪሙ መኖሩን፣ ማሽኑ መሥራቱን፣ አልጋ መኖሩን ይንገራችሁ። አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ከቆዩት አንዱ ነው። በግልም የሬቲና ሐኪም ያላቸው ክሊኒኮች አሉ። ለሁሉም አስቀድማችሁ ደውሉ። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሐኪሙ ፈቃድ ላይ ነበር፤ አንድ ቀን ተቃጠለብን። በዚያ ሁኔታ ላይ አንድ ቀን ትንሽ አይደለም።

የምትይዙት ይሄን ነው። የሪፈር ወረቀት፣ የምርመራ ውጤት ሁሉ፣ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ መታወቂያ፣ የጤና መድህን ካርድ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት አይቋረጥም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ አያቁመው፤ ለሐኪሙ ይናገር፣ እሱ ይወስናል። ስኳር ወይም ግፊት ከፍ ብሎ ከተገኘ ኦፕሬሽኑ ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ መንገድ ላይ ለስላሳ እየጠጡ መሄድ የለም።

ከአንድ ሰው በላይ አስታማሚ ያስፈልጋል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ኦፕሬሽኑ ምንድን ነው?

ሐኪሙ ከሦስት መንገድ አንዱን ይመርጣል። ምርጫው የእሱ ነው፣ ግን ስሙን ካወቃችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አንዱ ከዓይን ውጭ፣ ነጩ ክፍል ላይ ሲሊኮን ቀበቶ ማሰር ነው። ግድግዳውን ወደ ሬቲናው ይገፋዋል። ሁለተኛው የጋዝ አረፋ በመርፌ ወደ ዓይን ማስገባትና ቀዳዳውን በሌዘር ወይም በቅዝቃዜ መዝጋት ነው፤ ለሁሉም አይሆንም። ሦስተኛውና ዛሬ በብዛት የሚሠራው ቪትሬክቶሚ ነው። ጄሉን ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው።

የሬቲና መላቀቅ መነሻው ቀዳዳው መሆኑን፣ ቀዳዳው ከተዘጋ ሬቲናው እንደሚመለስ ያሳየው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ዡል ጎናን ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ። ጄሉን በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ማውጣትን ደግሞ ጀርመን ተወላጁ ሮበርት ማኸመር በ1970 እ.ኤ.አ. ማያሚ ውስጥ ጀመረው። የእሱ መሣሪያ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ደርሷል፤ ብዙ ጊዜ ስፌት እንኳ አይፈልግም።

በቪትሬክቶሚ ጊዜ ከጥቁሩ ዳር ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ ፈሳሽ ይገባል፤ ዓይኑ እንዳይጨማደድ። በሁለተኛው ብርሃን ይገባል። በሦስተኛው ጄሉን የሚቆርጥና የሚስብ መሣሪያ ይገባል። ሬቲናው በቦታው ይተኛል፣ ቀዳዳው በሌዘር ይበየዳል። መጨረሻ ላይ ብየዳው እስኪይዝ ሬቲናውን ደግፎ የሚያቆይ ነገር ዓይን ውስጥ ይተዋል፦ አየር፣ ጋዝ ወይም ሲሊኮን ዘይት።

ይህቺን ልዩነት ጠይቃችሁ ጻፏት። ጋዝ ነው ወይስ ዘይት? ከዚህ በኋላ ያለው ኑሮ ሁሉ በእሷ ይወሰናል። ጋዝ በራሱ ይጠፋል፤ እንደ ዓይነቱ ሁለት ሳምንት አካባቢ የሚቆይ አለ፣ እስከ ሁለት ወር የሚቆይም አለ። ዘይት ግን በራሱ አይጠፋም። ከወራት በኋላ በሌላ ኦፕሬሽን ይወጣል።

የኦፕሬሽኑ ቀን

ፊት ይታጠባል፣ ኩልም ቅባትም አይደረግም። ምግብ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ጠይቁ፤ ስኳር ያለበት ሰው የኢንሱሊኑን ነገር ለብቻው ይጠይቅ። አብዛኛው አዋቂ የሚሠራው በዓይን ዙሪያ በሚወጋ ማደንዘዣ ነው። ነቅቶ ነው፣ ግን አያምመውም። ፊቱ በጨርቅ ይሸፈናል፤ የሚታፈን የሚመስለው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ሳል ያለበትም እንዲሁ። ማሳል ሲመጣ «ሊያስለኝ ነው» ማለት፤ ሐኪሙ እጁን ያቆማል። አንድ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። እናቴ የወጣችው «ሬዲዮ ሲጫወት ነበር፣ ዜናውን ሰምቻለሁ» እያለች ነው።

ዓይኑ ይታሸጋል። በማግስቱ ይከፈታል፣ የዓይኑ ግፊትም ይለካል። ያ ቀጠሮ አይታለፍም።

ማጎንበስ

አሁን ዋናው ሥራ ወደ ቤተሰብ መጣ። ጋዝ እንደ ማንኛውም አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። ሬቲና ደግሞ ከኋላ ነው። አረፋው ኋላውን እንዲጫን ከተፈለገ ፊት ወደ መሬት መሆን አለበት። ቀዳዳው ዳር ላይ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ «በቀኝ ጎን» ወይም «ቀና ብለሽ» ሊል ይችላል። ስለዚህ «ሁሉም ያጎነብሳል» ብላችሁ አትነሱ። ሐኪሙ በምን አኳኋን፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍላችሁ። በጀርባ መተኛት ግን ጋዝ ላለበት ሰው ሁሉ ክልክል ነው፤ አረፋው ወደ ፊት መጥቶ የዓይኑን ግፊት ሊያስነሳና ሌንሱን ሊጎዳ ይችላል።

እናቴ ለሰባት ቀን አጎነበሰች። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነበርን። የሠራልንን ልንገራችሁ።

የጅማ በርጩማ ነው ያዳነን። ከጅማ ይዘን የሄድነው አይደለም፣ አክስቴ ቤት ጌጥ ሆኖ የተቀመጠ ነበር። ሦስት እግር ያለው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ። ዝቅ ያለ ስለሆነ እግሯ መሬት ይነካል፣ ወገቧ አይንጠለጠልም። ፊት ለፊቷ የቡና ረከቦት አስጠጋን። ላዩ ላይ ሁለት ትራስ ደርበን መሀላቸውን ክፍት ተውነው። ግንባሯ አንዱ ላይ፣ አገጯ ሌላው ላይ ያርፋል። ዓይኗና አፍንጫዋ ክፍተቱ ላይ ነው። የተሠራው ዓይን በፍጹም ትራስ አይነካውም። ከታች መሬት ላይ ስልክ አስቀምጠን መዝሙር እንከፍትላታለን። የሚያናግራትም ሰው ወለል ላይ ይቀመጣል። የልጅ ልጆቿ ምንጣፉ ላይ ተንጋለው ከታች ወደ ላይ ያይዋታል። «ፊታችሁን አየሁ» ትላለች።

በየሰዓቱ 50 ደቂቃ አጎንብሳ 10 ደቂቃ ትነሳለች። በአስሯ ደቂቃ ትበላለች፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ጠብታዋን ትወስዳለች። ስትራመድም ጫማዋን እያየች ነው። ደጋፊ ሰው ከጎኗ ይሁን፤ በአንድ ዓይን ደረጃ ይስታል። እግሯን በየጊዜው ታንቀሳቅሳለች፣ ደም እንዳይረጋ። ሻይ በቀሰም ነው። ምግብ በጎድጓዳ ሳህን፣ ከታች በኩል ይቀርባል።

ሌሊቱ ነው ከባዱ። ሰው እንቅልፍ ከወሰደው ይገለበጣል። ስለዚህ ሁለት ሰው በፈረቃ። ከኋላዋ ረዘም ያለ ትራስ በነጠላ ታስሮ ይደረጋል፤ በጀርባዋ መገልበጥ እንዳትችል። እንዲያውም አንድ ሌሊት እኔው አሸለብኩና ነቅቼ ሳያት በጀርባዋ ናት። ልቤ ወደቀ። ቀስ ብለን አዞርናት፣ ጠዋት ለሐኪሙ ተናገርን። «ለትንሽ ጊዜ ከሆነ ችግር የለም፣ ቀጥሉ» አለን። እናንተም አትደብቁ።

አንገት ያማል፤ ከበድ ያለ ነገር ነው። ሞቅ ያለ ፎጣ ትከሻ ላይ፣ ቀስ ያለ ማሸት። ሆድም ይደርቃል፤ ውሃ፣ አጃ፣ ጎመን። ማማጥ ለዓይን ጥሩ አይደለም። ጸሎት የሚያደርስም ሆነ የሚሰግድ ሰው አኳኋኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ውዱእም ጸበልም ቢሆን ውሃ ዓይን ውስጥ አይግባ።

ጋዝ፣ ጊቤና አውሮፕላን

ይሄ ለጅማ ሰው የተለየ ጉዳይ ነው። ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ አዲስ አበባ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ወደ ጅማ ይዛችሁ ኑ። ጊቤ በረሃ ስትደርሱ ላስቲኩ ይጨማደዳል። ወደ ሰኮሩ ስትወጡ መልሶ በመጠኑ ይነፋል። ዓይን ውስጥ ያለው ጋዝም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ዓይን እንደ ላስቲክ አይለጠጥም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። ጊቤ ድልድይ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ጅማ 1,750 አካባቢ። ከጊቤ ወደ ላይ በመኪና ስትወጡ አረፋው በፍጥነት ሊለጠጥ ይፈልጋል፤ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ደም ወደ ሬቲና እንዳይደርስም ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «ጅማ ነን፣ በጊቤ ነው የምንመለሰው» በሉት። አረፋው ስንት ቀርቷል፣ መቼ እንሂድ፣ እሱ ይወስን። ጅማ ላይ ወይም ሌላ ዝቅ ያለ ቦታ ጋዝ ተደርጎለት ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ይጠንቀቅ። እኛ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ቆየን። ወጪ አለው፣ አስቀድማችሁ አስቡበት።

መንገድ ላይ ዓይኑን ከባድ ሕመም ከያዘው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ብርሃኑ ከጠፋ መውጣት አቁሙ። ወደ ዝቅተኛው ቦታ ተመለሱ፣ ሐኪሙ ጋ ደውሉ።

አውሮፕላን? ዓይን ውስጥ ጋዝ እያለ በፍጹም። «ወደ ጅማ አየር ማረፊያ እኮ አንድ ሰዓት አይሞላም» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አንድ ሰዓቱ ይበቃል ዓይን ለማጥፋት። ዘይት የተደረገለት ሰው ግን አየር ስላልሆነ ይህ ሥጋት የለበትም።

አንድ ሌላ ነገር። በጋዙ ወቅት ለጥርስም ይሁን ለወሊድ ወይም ለሌላ ኦፕሬሽን ማደንዘዣ ከተፈለገ «ዓይኔ ውስጥ ጋዝ አለ» ይባል። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ማደንዘዣ አረፋውን ያሳብጠዋል። ይህን የሚገልጽ የእጅ ማሰሪያ ከሰጧችሁ ጋዙ ጠፍቷል እስኪባል አትፍቱት።

ጋዙ ሲጠፋ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው፤ እጅ ሲወዛወዝ ብቻ ይታያል። ይህ እይታ ጠፋ ማለት አይደለም። ከዚያ ከላይ በኩል ጠራ ያለ ነገር ይመጣል፤ በጠራውና በጭጋጉ መሀል እንደ ብርጭቆ ውሃ የሚወዛወዝ መስመር ይታያል። መስመሯ በየቀኑ ወደ ታች ትወርዳለች። በመጨረሻ ትንሽ ክብ አረፋ ሆና ትቀራለች፤ አንዳንዴም ትበታተናለች። ከዚያ አንድ ቀን የለችም። እናቴ «ማሰሮዋ ጎደለች» እያለች ነበር የምትነግረን።

ጠብታ አጨማመር

ብዙ ሰው የሚያባክነው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ይሰጣል፦ ተህዋስያንን የሚከላከል፣ እብጠትን የሚቀንስ፣ ብሌንን የሚያሰፋ። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ። እኛ ባለቀለም ክር አስረንባቸዋል፤ ቀይ አራት ጊዜ፣ አረንጓዴ ሁለት ጊዜ።

እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጭንቅላት ሐኪሙ የፈቀደውን ያህል ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ቀና ይላል። የታችኛው ሽፋሽፍት በጣት ይሳባል፤ ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። እዚያ አንዲት ጠብታ። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍቱንም ጸጉሩንም አይንካ። ዓይን ይጨፈን፣ የአፍንጫ በኩሉ ጥግ በንጹሕ ጣት አንድ ደቂቃ ይያዝ። ቀጣዩ ጠብታ ከ5 ደቂቃ በኋላ። ወዲያው ከተጨመረ የመጀመሪያው ይታጠባል።

እብጠት ቀናሹ ስቴሮይድ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ «ደህና ሆነልኝ» ብሎ ማቆምም፣ «ይጠቅማል» ብሎ ከፋርማሲ እየገዙ መቀጠልም አይሆንም። በታዘዘው መሠረት ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነገር

ዓይን መቆርቆር፣ ትንሽ መቅላት፣ እንባ የተለመደ ነው። በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ መግል፣ እየባሰ የሚሄድ መቅላት፣ ቀን በቀን እየጠፋ የሚሄድ እይታ፣ አዲስ መጋረጃ ወይም አዲስ ብልጭታ ግን ሌሊትም ቢሆን ያስነሳል። ጅማ ከተመለሳችሁ አዲስ አበባ ያለውን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቅርብ ያለው የዓይን ክፍል ድንገተኛ ግቡ። የኦፕሬሽኑ ወረቀት ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ በስልክም ፎቶ አንሱት። እዚያ ያለው ሐኪም ጋዝ ይሁን ዘይት የሚያውቀው ከእሱ ነው።

ከወር በኋላ

በመጀመሪያ ኦፕሬሽን ብቻ ከአሥር ሰው ስምንት ዘጠኙ ሬቲናው ይመለሳል። የቀረው ሁለተኛ ይፈልጋል። ሬቲናው ተመለሰ ማለት ግን እይታው ሁሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። ማኩላው ተነስቶ ከነበረ መስመር ሊወላገድ፣ ቀለም ሊደበዝዝ ይችላል። እይታ ለወራት ቀስ እያለ ይሻሻላል። መነጽር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ሁለት ሦስት ወር ጠብቁ። የራሱ ሌንስ ያለው ሰው፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከቪትሬክቶሚ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ የዓይን ሞራ ሊጀምረው ይችላል። ይሠራል፣ አትደንግጡ።

ዘይት የተደረገለት ሰው «አየሁ፣ በቃኝ» ብሎ አይጥፋ። ጅማ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ዳግም መሄድ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ዘይት ሲቆይ የዓይን ግፊት ያስነሳል፣ ከፊት ጥቁሩን ክፍል የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ሽፋንም ሊጎዳ ይችላል። የማውጫውን ቀጠሮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ የቡና ሽያጭ ወቅትን አስልታችሁ ያዙ።

ስኳር ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ፣ ምንም ሳያመው በዓመት አንድ ጊዜ ብሌኑ ሰፍቶ ይታይ። በሌዘር ወይም በመርፌ የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ ጄሉ ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ሌላኛውን ዓይንም አትርሱ። አንዱ ዓይን የተላቀቀበት ሰው ሌላኛውም ሊከተል ይችላል። እናቴ እሑድ እሑድ ቡና ስትለቅም ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች፣ ዙሪያውን ታያለች፣ ከዚያ ሌላኛውን። «ሙሉ ነው» ስትል ወደ ምጣዱ እንሄዳለን።